ባትሪው ነው ወይስ መኪናው? ሱቅና ጋራዥ መሃል ለምትመላለሺው እህቴ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉት ባጭሩ ልድገመው፦ ከ5 ወር በፊት ለቪትዝሽ አዲስ 35 አምፒር ባትሪ ገዛሽ፣ ማህተም ያለበት የ1 ዓመት ዋስትና ካርድ ሰጡሽ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አልነሳ እያለሽ በጎረቤት ኬብል ነው ምታስነሺው፣ ሱቁ ሁለት ጊዜ ባትሪውን ተቀብሎ ቻርጅ አርጎ "ባትሪው ደህና ነው፣ ዲናሞሽን አሳዪ" ብሎ መለሰልሽ (ዲናሞ ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን የሚሞላው ነው)፣ ጋራዡ ደሞ "ዲናሞው ምንም አልሆነ፣ የማይረባ ባትሪ ነው የሸጡልሽ" አለሽ። መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር "ከ2 ወር በፊት ካሜራ አስገጥሜያለሁ" ብለሽ አልፈሻል። ማነው ትክክል፣ ባትሪውን የማስቀየር መብትስ አለኝ ወይ ነው ጥያቄሽ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ስራ ላይ 19 ዓመት ቆይቻለሁ፣ በጣም ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፣ ባለመኪናው ሱቅና ጋራዥ መሃል እንደ ኳስ ሲመታ። ሁለቱም በእርግጠኝነት ያወራሉ፣ አንዳቸውም ግን ቁጥር አልነገሩሽም። ደህና ነው ማለት ስንት ቮልት ነው? አይረባም ማለትስ በምን ተለክቶ? ያልተለካ ባትሪ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው፣ በግምት ደሞ ማንም ሱቅ አዲስ ባትሪ አይቀይርልሽም፣ እውነቱን ለመናገር መቀየርም የለበትም። ስለዚ ወደ ሱቁ ተመልሰሽ ከመጨቃጨቅሽ በፊት ቁጥር በእጅሽ ይኑር፣ እሱን እንዴት እንደምታገኚ ነው ምነግርሽ።

የጻፍሽው ነገር ውስጥ ለኔ ትልቁ ፍንጭ ሰኞ ሚለው ቃል ነው። ማክሰኞ ይነሳል፣ ረቡዕ ይነሳል፣ አርብ ይነሳል፣ ሰኞ አይነሳም። ዲናሞው ባይሰራ ኖሮ ሰኞን አይጠብቅም ነበር፣ መንገድ ላይ መብራትሽ እየደበዘዘ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ትቆሚ ነበር፣ ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ የባትሪ ምልክት ይበራ ነበር። ባትሪው ሙሉ ለሙሉ ሞቶ ቢሆን ደሞ ሐሙስ ጠዋትም አይነሳም። ሰኞን ከሌላው ቀን የሚለየው መኪናው አርብ ማታ ቆሞ እስከ ሰኞ ጠዋት ማንም ስለማይነካው ነው። አርብ ማታ 12 ሰዓት ካቆምሽው እስከ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት 60 ሰዓት ነው። በነዚህ 60 ሰዓታት ባትሪው ውስጥ የነበረው ኮረንቲ የት ሄደ ነው ጥያቄው፣ መልሱ ደሞ ሁለት ነው፣ ወይ መኪናው በልቶታል ወይ ባትሪው ራሱ መያዝ አቅቶታል። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑም ይችላሉ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አሁን ወደ ካሜራው። መኪና ቆሞ ሳለም የሚቀርጽ ካሜራ ከሆነ፣ ማለትም ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ከሚጠፋ ፊውዝ ላይ ሳይሆን ሁሌ ኮረንቲ ካለው መስመር ላይ ተስቦ ከሆነ፣ ከ200 እስከ 300 ሚሊአምፒር ሊወስድ ይችላል። ትንሽ ይመስላል ግን አስይው፣ 250 ሚሊአምፒር ማለት ሩብ አምፒር ነው፣ በ60 ሰዓት ሲባዛ 15 አምፒር ሰዓት። የአንቺ ባትሪ ጠቅላላ 35 ነው። ከግማሽ ትንሽ ያነሰው ሄደ ማለት ነው፣ ያውም አርብ ማታ ሙሉ ሆኖ ከቆመ። በከተማችን ትራፊክ ግን ሙሉ ሆኖ አይቆምም፣ ከቦሌ ሜክሲኮ ለመድረስ አንድ ሰዓት እየቆምሽ እየሄድሽ፣ መብራት በርቶ፣ ፋን እየነፋ፣ ዝናብ ካለ መጥረጊያው እየሰራ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሲሆን ዲናሞው ብዙ አያመነጭም። ስለዚ 70 ወይ 75 ፐርሰንት ላይ ቆሞ 40 ፐርሰንቱ በካሜራ ሲሄድ ሰኞ ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ የሚያዞር አቅም አይተርፈውም፣ "ትክ ትክ" ብቻ ይልሻል። ሱቁ ሲወስደው ቻርጅ ያረጋል፣ ይሞላል፣ ደህና ነው ይልሻል፣ እሱ እንዳየው ከሆነ ዋሽቶም ላይሆን ይችላል።

ግን እዚህ ጋ ሱቁ ትክክል ነው ብዬ ልዝጋው አልችልም። ካሜራው ጥፋተኛ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም፣ ካሜራው የተገጠመው ከ2 ወር በፊት ነው፣ ችግሩ የጀመረው ከ1 ወር በፊት ነው፣ መሃሉ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሰኞ ጠዋት ሲነሳ ነበር። ይሄ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ባትሪው በየሳምንቱ እስከ ታች እየወረደ ቀስ በቀስ ተጎድቷል፣ ምክንያቱም የመኪና ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኮረንቲ ለመስጠት የተሰራ ነው እንጂ እንደ ሶላር ባትሪ ወርዶ ለመሞላት አልተሰራም፣ ወርዶ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያለው የእርሳስ ሳህን (ፕሌቱ) ላይ ሰልፌት የሚባል ንጣፍ እየጠነከረ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለተኛው ባትሪው ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፣ ካሜራው ገመናውን አወጣው እንጂ ያመጣው አይደለም። ባትሪው አሁን ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለውን ግን ሚለየው መለካት ብቻ ነው።

መልቲሜትር (የቮልትና የአምፒር መለኪያ) ግዢ፣ ውድ መሆን የለበትም፣ ቮልት በትክክል ይለካ እንጂ። ከዛ ይሄን ሙከራ አርጊ፣ ሳያከራክር እውነቱን ስለሚያወጣ በጣም የምወደው ሙከራ ነው።

ሐሙስ ባትሪውን ከመኪናው አስወጥተሽ ጥሩ ቻርጀር ያለው ሰው ጋ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ይደረግ። ሌሊቱን ሙሉ ያልኩት በምክንያት ነው። ለ35 አምፒር ባትሪ ጤነኛው አሞላል 3.5 አምፒር አካባቢ ነው፣ ባዶ ከሆነ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። አንድ ሰዓት በትልቅ ቻርጀር ተሞልቶ "በቃ ውሰጂው" የሚባለው ባትሪ ቮልቱ ከፍ ብሎ ይታያል እንጂ ውስጡ አልሞላም። አርብ መልሰሽ ግጠሚው፣ አርብ ማታ መኪናሽን ቦታው ካቆምሽ በኋላ በ10 ቁጥር ቁልፍ የኔጋቲቩን ተርሚናል ፍቺና ባትሪው ምንም ሳይነካው ይቀመጥ። ኔጋቲቭ ነው ያልኩት፣ መጀመሪያ ፖዘቲቩን ከፈታሽ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ሲነካ ብልጭ ይላል፣ ደስ አይልም። ቀለበትና አምባር ካለሽ አውልቂ። ሰዓቱና የሬዲዮው ጣቢያዎች ይጠፋሉ፣ አላርም ካለው ትንሽ ሊጮህ ይችላል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ለኪ፣ ጻፊው። ሰኞ ጠዋት ሳትገጥሚው በፊት እንደገና ለኪ፣ ጻፊው። ሁለቱንም የመልቲሜትሩ ቁጥር እየታየ ፎቶ አንሺ።

ቅዳሜ 12.6 ሆኖ ሰኞም 12.6 ወይ 12.5 ከሆነ ባትሪው ይይዛል ማለት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሰርቀው መኪናው ነው። ቅዳሜ 12.6 የነበረው ማንም ሳይነካው ሰኞ 12.2 ወይ ከዛ በታች ከወረደ ባትሪው ራሱን እየበላ ነው፣ ይሄ የፋብሪካ ችግር ወይ የተጎዳ ባትሪ ነው፣ በዛ ሰዓት ካሜራም ዲናሞም አልነካውም። ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶም 10.5 አካባቢ ላይ ከቀረ ደሞ ምንም ክርክር የለውም፣ ባትሪው ውስጥ 6 ሴል አለ፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ አንዱ ሲሞት ከ12.6 ላይ 2 ቮልት ይጎድላል። እንዲህ ያለ ባትሪ አስሬ ቻርጅ ቢደረግ አይድንም።

ለማስታወስ ያህል፣ ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.6 እና ከዛ በላይ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ፣ ከ11.9 በታች ባዶ ነው በይው። አርፎ ያልኩትን አትርሺ። ሞተር እንዳጠፋሽ ወይ ቻርጀር እንደነቀልሽ ብትለኪ 13 ምናምን ያሳይሻል፣ እሱ የላይ የላዩ ነው፣ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ያለው ነው እውነተኛው። ብዙ ሱቅ ላይ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው፣ ከቻርጀር ነቅለው ወዲያው ለክተው "ይኸው 13 ነው" ይላሉ።

የዲናሞውን ነገር ደሞ በሁለት ደቂቃ ትጨርሺዋለሽ። ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ ለኪ፣ ከ13.8 እስከ 14.5 መሃል ከሆነ ያመነጫል። ከዛ መብራት፣ ፋንና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አብሪና እንደገና ለኪ፣ ጋዝ ትንሽ ሲሰጠው ከ13.5 በላይ ከቆየ ጋራዥሽ ትክክል ነው። ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ወይ እሱን የሚያዞረው ቀበቶ (ቺንጊያው) ይታይ። ከ15 በላይ ካሳየሽ ደሞ ቶሎ አሰሪው፣ ከመጠን በላይ እየሞላ የባትሪውን ውሃ ያፈላል፣ ቀጥሎ የምትገዢውንም ያበላሸዋል፣ ሱቁም በዚህ ምክንያት ባይቀይርልሽ እውነት አለው።

የሚሰርቀውን ለማግኘት ግን የመኪና ኤሌክትሪክ ሰራተኛ ቢያይልሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም መልቲሜትሩን አምፒር ላይ አርጎ በኔጋቲቩ መሃል ማስገባት ስለሚፈልግ፣ ተሳስቶ በዛው እያለ ሞተር ለማስነሳት የሞከረ ሰው የመልቲሜትሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ስታሰሪ አንድ ነገር ተመልከቺ፣ በሩ ሁሉ ተዘግቶ ቁልፍ ወጥቶ ቢያንስ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ መጠበቅ አለበት፣ መኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እስኪተኙ። ወዲያው ለክቶ "ብዙ ይወስዳል" ያለሽን አትመኚው። ከተኛ በኋላ ከ50 ሚሊአምፒር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከበለጠ ፊውዝ በየተራ እየነቀሉ ቁጥሩ የወረደበትን መስመር ማግኘት ነው፣ ባንቺ ግን መጀመሪያ ካሜራውን ነቅላችሁ ሞክሩ።

ይሄን የምለው ያየሁት ስላለ ነው። አንድ ደንበኛዬ በአሮጌ ኮሮላ አንድ ዓመት ሳይሞላ ሦስት ባትሪ ጨርሷል። ሱቁ ሁለቱን በዋስትና ቀየረለት፣ ሦስተኛው ላይ እምቢ አለ፣ ሰውዬው አኩርፎ እየተሳደበ መጣ። ስንለካ 400 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ፊውዝ ስንነቅል ስንመልስ የውስጥ መብራት መስመር ላይ ደረስን ግን የበራ መብራት አይታይም። መጨረሻ ላይ ስልክ ቪዲዮ ላይ አርገን የኋላ እቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጠን ዘጋነው፣ ስናወጣው ቪዲዮው ላይ ትንሿ አምፖል ተዘግቶም እንደበራች ናት። ማጥፊያዋ ተሰብሮ ነበር። የ5 ዋት አምፖል ናት፣ በቀን 10 አምፒር ሰዓት ትበላለች። ያ ሰውዬ ሄዶ የሱቁን ልጅ ይቅርታ ጠየቀ፣ በዚህ በጣም አከበርኩት።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ፣ እሱ ነው ሚያንገበግበኝ። አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ባትሪው በ3 ወሩ አንድ ሴል ሞቶበታል፣ ሃይድሮሜትር (የባትሪ አሲድ ክብደት መለኪያ) ሳስገባበት አምስቱ ሴል 1.260 አካባቢ ነው፣ ስድስተኛው 1.150 አልደረሰም። በሴሎች መሃል 0.050 ልዩነት ካለ ባትሪው ጤነኛ አይደለም፣ የሱ ከእጥፍ በላይ ነው። ሱቁ አራት ጊዜ "ቻርጅ አርገን እንይ" እያለ ሦስት አራት ቀን እያስቀመጠው መለሰለት። ሹፌሩ ስራ እየፈታ፣ ባትሪ እየተበደረ፣ በመጨረሻ የ6 ወር ዋስትናው አለቀ ተባለ። አራቱም ጊዜ የሄደበት ቀን የትም አልተጻፈም። አንድ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ መከራከሪያ ነበረው።

ስለዚ አሁን ወደ ዋስትናው ጉዳይ። ካርድሽን አውጪና የጀርባውን ትንንሽ ጽሁፍ አንብቢው። አብዛኛው ካርድ "የፋብሪካ ችግር ካለው ይቀየራል" ይላል፣ ከዛ የማይሸፍነውን ይዘረዝራል፣ የተሰበረ፣ የተገለበጠ፣ አሲድ የተጨመረበት፣ ተርሚናሉ የቀለጠ፣ ከመጠን በላይ ቻርጅ የተደረገ፣ ወርዶ የተቀመጠ፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ ለታክሲ ስራ የዋለ። ባትሪው ላይ የተለጠፈው ቁጥርና ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑን እይ። ክዳኑ ሚከፈት ባትሪ ከሆነ ማንም ሰፈር ያለ ልጅ "አሲድ ልጨምርልሽ" ቢልሽ እንዳትፈቅጂ፣ ውሃ ከጎደለ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው ሚጨመረው፣ አሲድ ከገባበት ዋስትናሽ እዛው አለቀ።

ሱቁ ለምን እንደሚያመላልስሽም ልንገርሽ፣ ማወቁ ለንግግር ይጠቅምሻል። ብዙ ጊዜ ቸርቻሪው የቀየረልሽን ባትሪ ለአስመጪው ይመልሳል፣ አስመጪው በቴስተር ለክቶ "ወርዶ ነው እንጂ ችግር የለውም" ካለው ኪሳራው የቸርቻሪው ነው። ስለዚ ቸርቻሪው ማስረጃ ይፈራል፣ ወይ ደሞ ጊዜ ይገዛል። ማስረጃውን አንቺ ይዘሽለት ስትሄጂ ስራውን አቀለልሽለት፣ ቅን ሰው ከሆነ ደስ ይለዋል። ጊዜ ሊገዛ የፈለገም ካለ የሚደበቅበት ያጣል።

ህጉን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ያስቀምጣል፣ ለሸማቹ የተሻለ የሚሰጥ ዋስትና ካለ ደሞ እሱ እንደተጠበቀ ነው። ያንቺ 15 ቀን አልፏል፣ ስለዚ መቆሚያሽ የ1 ዓመት ካርዱ ነው፣ እሱ ደሞ ሻጩ ራሱ በማህተሙ የገባልሽ ቃል ነው። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም አለበት። ደረሰኝ እንዳለሽ አልጻፍሽም፣ ካለሽ አሁኑኑ ፎቶ አንሺው፣ የማሽን ደረሰኝ ጽሁፉ በጥቂት ወር ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል። "ደረሰኝ ካልፈለግሽ ቅናሽ አለው" ተብለሽ ያለደረሰኝ ገዝተሽ ከሆነ አልወቅስሽም፣ ብዙ ሰው ያረገዋል፣ ለወደፊቱ ግን የባትሪን ያህል ዕቃ ያለደረሰኝ አትግዢ፣ የተረፈሽ ትንሽ ብር ነው፣ የሄደው መብትሽ ነው። ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተብሎ ስለተለጠፈም አትደንግጪ፣ ዋስትና ካርድ የሰጠ ሱቅ ያንን ጽሁፍ አንቺ ላይ ሊጠቅሰው አይችልም።

ሙከራው ባትሪው ነው ካለ እንዲህ አርጊ። ሱቁ ብዙ ገበያ በሌለው ሰዓት፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ካርዱን፣ ደረሰኙን፣ የቅዳሜና የሰኞ ፎቶውን፣ የዲናሞውን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ረጋ ብለሽ "ባትሪው ተፈቶ ምንም ሳይነካው ከ12.6 ወደዚህ ወርዷል፣ ዲናሞው ይሄን ያህል ያመነጫል፣ በሎድ ቴስተር አብረን እንየው" በይ። ሎድ ቴስተር ባትሪውን ለ15 ሰከንድ ከባድ ጭነት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ጭነቱ ባትሪው ላይ ከተጻፈው የማስነሻ አምፒር ግማሽ ነው፣ የተሞላ ጤነኛ ባትሪ በዛ ጭነት ከ9.6 ቮልት በታች አይወርድም። ዲጂታሉ ቴስተር ደሞ በወረቀት ያወጣል፣ ወረቀቱን ተቀበዪ። "ጥሩ ነው ግን ቻርጅ ያስፈልገዋል" የሚል ውጤት ከመጣ ያ ገና ፍርድ አይደለም፣ ተሞልቶ አርፎ እንደገና መለካት አለበት።

"እስኪ እዚህ ይዋል ይደር" ካሉሽ እሺ በይ ግን ካርዱ ላይ ወይ ደረሰኙ ጀርባ "በዚህ ቀን ለምርመራ ገብቷል" ብለው ጽፈው ይፈርሙልሽ። ከሁሉ ነገር ይሄን አጥብቀሽ ያዢ። ቀደም ብለው ሁለቴ የወሰዱበትንም ቀን አብረው ይጻፉልሽ፣ አልጽፍም ካሉ በስልክሽ ያደረግሽውን የጥሪና የቴክስት ቀን አስቀምጪ። ባትሪው እነሱ ጋ ሲቆይ መኪናሽ ያለባትሪ እንዳይቆም መለዋወጫ ይስጡኝ በይ፣ ጥሩ ሱቆች ይሰጣሉ። ቁጥሩ ሁሉ እየታየ አንቀይርም ካሉ የእምቢታቸውን ምክንያት በጽሁፍ ጠይቂ፣ ከዛ የክፍለ ከተማው ንግድ ጽህፈት ቤት ማመልከት ትችያለሽ፣ እዛ ስትሄጂ ደሞ የሚጠቅምሽ ያ ሁሉ ቀንና ፎቶ ነው። አብዛኛው ጊዜ ግን እዛ አይደርስም፣ ወረቀት ይዞ የመጣ ደንበኛ ሲያዩ አነጋገራቸው ይቀየራል።

ሙከራው መኪናው ነው ካለ ግን፣ እህቴ፣ ሱቁን ተይው። ካሜራው ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ፊውዝ ላይ ይዛወርልሽ፣ ወይ ቆሞ እንዲቀርጽ የግድ ከፈለግሽ ቮልቱ 12.2 ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይገጠምለት። ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ይሞላና ሁለት ሦስት ሰኞ እይው። በዚህ አንድ ወር ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ባዶ ስለሆነ የተወሰነ ዕድሜ ቀንሷል፣ ያንን ማንም አይመልስልሽም፣ ግን ገና 5 ወሩ ስለሆነ ብዙ ሊያገለግልሽ ይችላል።

ከቀየሩልሽ ደሞ የተሰጠሽን ተቀብለሽ ዝም ብለሽ አትውጪ። በብዙ ሱቅ አዲሱ ባትሪ አዲስ 1 ዓመት አያገኝም፣ የቀረሽ 7 ወር ነው ሚቀጥለው፣ እሱን ጠይቂና የአዲሱ ባትሪ ቁጥር ካርዱ ላይ ይጻፍ። ከሱቁ ሳትወጪ በመልቲሜትርሽ ለኪው፣ ከ12.5 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ነው፣ ሌላ ይስጡሽ። የተመረተበት ቀን ሽፋኑ ላይ ወይ ተርሚናሉ አጠገብ በቁጥር ተመትቷል፣ አንብቡልኝ በያቸው። እኔ ራሴ አንዴ ለደንበኛ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ባትሪ ላይ የዓመቱን ስቲከር አዲስ ለጥፈውበት ከስር የተመታው ቁጥር 2 ዓመት ያለፈው ነበር፣ ቆሞ ሰልፌት የበላው ባትሪ አዲስ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ ከዛ ወዲህ ስቲከር አላምንም። መጠኑም ልኩ ይሁን፣ 34ቢ19ኤል የሚል ካለ 19ኙ ርዝመቱ በሴንቲሜትር ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ፖዘቲቩ በየትኛው ጎን እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ በተቃራኒው ከመጣ ገመዱ ተወጥሮ ነው የሚታሰረው ወይ ጭራሽ አይደርስም። በደንብ ይታሰር፣ የሚንቀጠቀጥ ባትሪ በኛ መንገድ ላይ ፕሌቱ ይረግፋል። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ተፈቶ በቤኪንግ ሶዳና በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ አንዳንዴ "ባትሪው ሞተ" የተባለው ሁሉ ያ ዱቄት ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስተያየት ላይ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የጠየቃችሁ አላችሁ። በ2016 መንግስት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ገዝቷል፣ ትልቁ ባትሪ ስላለኝ የትንሿ ነገር አያሳስበኝም ይላል። እነሱም 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ እሱ ከወረደ ትልቁ 90 ፐርሰንት ቢሆንም መኪናው አይበራም፣ አንዳንዱ በሩም አይከፈትም። ካሜራና ጂፒኤስ ስታስገጥሙ ከላይ ያልኩት ሁሉ እናንተም ላይ ይሰራል፣ ዋስትናችሁን ሚያበላሽ ሽቦ ቀጠላ መሆኑን ደሞ ከሻጩ ጠይቁ።

እስከዛ ሰኞ ጠዋት በኬብል የምታስነሺ ከሆነ አንድ ነገር አስተካክዪ። ቀዩን መጀመሪያ ያንቺ ፖዘቲቭ ላይ፣ ከዛ የጎረቤትሽ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የጎረቤትሽ ኔጋቲቭ ላይ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ያንቺ ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ አሲዢው። የወረደ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይተፋል፣ ብልጭታ እዛው ላይ ከተፈጠረ ሊፈነዳ ይችላል፣ ፊቱን የተቃጠለ የስራ ባልደረባ አለኝና ይሄን ሳልናገር አላልፍም። መኪናሽ አውቶማቲክ ከሆነ ደሞ ሰፈር ልጆች "እንግፋልሽ" ቢሉሽ አይነሳም፣ አታስለፊያቸው።

የቅዳሜውንና የሰኞውን ቁጥር፣ ሞተር እየሰራ የለካሽውን፣ ካሜራው ከየትኛው ፊውዝ እንደተሳበ ጻፊልኝ። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውንም ፎቶ አርገሽ ላኪው፣ ስምና ስልክ ሸፍነሽ።